ተራራውን የሣልኩባቸው ሰባት ዓመታት

ከተማችን የት እንዳለች አልነግራችሁም። በዚያ ዘመን ብነግራችሁም አታገኟትም ነበር። እኛ ራሳችን አንዳንድ ጠዋት ፈልገን ነው የምናገኛት። ከበራችን ወጥተን፣ ግድግዳ በግድግዳ እየዳበስን፣ በድምፅ እየተዋወቅን ገበያ እንደርሳለን። ሽንኩርት የሚሸጡት ሽንኩርት እያሉ ይጣራሉ፤ ጨው የሚሸጡት ጨው ይላሉ። ክፉ ነገር የደረሰብን አይመስለንም ነበር። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

መነሻውን ልናገር። ከከተማው በስተምሥራቅ አንድ ተራራ ነበር። ስም የለውም፤ አንድ ብቻ ስለሆነ ስም አላስፈለገውም። በአገራችን ሰው ቁም ነገር ሲናገር ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ፣ «ተራራው እያየኝ ነው የምናገረው» ይላል። ሙሽሮች እንዲህ ብለው ይጋባሉ፤ ምስክር እንዲህ ብሎ ይመሰክራል፤ ሹምም እንዲህ ብሎ ይሾማል። ተራራውን ሳያይ የማለ ሰው እንዳልማለ ይቆጠራል። አንድ ነጋዴ በሠርጉ ቀን ዝናብ ፈርቶ ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት ቢምል፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ሆኖ ተገኘና በሦስተኛ ልጁ ክርስትና ማግስት ጋብቻው ፈረሰበት። ሕጋችን እንዲህ ነበር፤ ማንም አያጉረመርምም።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ። የሱቅ ሠዓሊ ነበርኩ፤ የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት መቀስ፣ የልብስ ሰፊ መኪና እሥል ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩዘር ናት። የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። የመጀመሪያ ብሩሼን የገዛችልኝም እሷ ናት፤ ይህን የምናገረው በኋላ ያደረግሁት ነገር ምን ያህል እንደሚያሳፍር እንድታውቁት ነው።

እሳት ቤቱ ሲመጣ ሁላችንም በእልልታ ተቀብለነዋል። ከምድር ሆድ ጥቁር ዘይት እያወጣ ያነዳል፤ ከዚያ ብርሃን በሽቦ ወደየቤታችን ይመጣል። አልዋሽም፣ ብርሃኑ ደስ ይል ነበር። ጭስ ማውጫው ከከተማው ዋርካ ሁሉ ይረዝማል። ጭሱ በመጀመሪያ የተራራውን እግር ሸፈነ። ቀጥሎ ወገቡን። ጫፉ ብቻ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ ያን ጊዜ የተጋቡ ሰዎች መዳፋቸውን ወደ ላይ አንስተው ነው የማሉት። አንድ ማክሰኞ ጫፉም ጠፋ።

በዚያው ማክሰኞ ችሎት የቀረበ አንድ ምስክር «ወዴት ልዙር?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛ እንግዳወርቅ በበሩ ወጥተው፣ ጥቂት ቆመው፣ ተመለሱና ችሎቱን ዘጉ። ሠርጎች ቆሙ፤ የተጠመቀው ጠላ ኮመጠጠ። የሚመሰክርባቸው ሰው ስለጠፋ የዶሮ ሌቦች ዶሮአቸውን እንዳቀፉ በአደባባይ ይንሸራሸሩ ጀመር።

እሳት ቤቱ ልብ አሳራፊ የሚባል ሹመት አለው። ሥራው የሰውን ልብ ማሳረፍ ነው። የዚያን ጊዜው ልብ አሳራፊ አቶ ውብአንተ ይባሉ ነበር፤ ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰውን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እየዳበሱ ሱቄ ገቡ።

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ተራራውን ያስታውሱታል?» አሉኝ።

«በደንብ።»

«ታዲያ ሕዝቡን ለምን ያስቀሩበታል?»

ከኋላቸው አንድ ሰው ሣጥን ይዞ ቆሟል። ሲከፈት ሙሉው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በኑግ ዘይት እያቀጠንኩ የምቆጥበው ዓይነት ሳይሆን፣ የጠዋት ሰማይ ራሱ የተጨመቀ የሚመስል። ብዙ ሰው በምን እንደተገዛሁ ሲጠይቀኝ ኖሯል። በሰማያዊ ነው የተገዛሁት።

ስልሳ ክንድ ስፋት ያለው ሸራ በመሐላ ሜዳ ላይ በሁለት ምሰሶ ተወጠረ። ተራራውን ሣልኩት። አሳምሬ ነው የሣልኩት፤ ትንሽ ቀና አደረግሁት፣ ጎኑ ላይ የነበረውን ናዳ ደፈንኩለት፣ ፏፏቴም ጨመርኩ። ሸራው ሲገለጥ ሰው አለቀሰ። ዳኛ እንግዳወርቅ ሦስት ጊዜ ዞረውት ካዩ በኋላ «ሕጉ ተራራውን እያየ ይማል ይላል እንጂ ተራራው ከምን ይሠራ አይልም» ብለው ፈረዱ። በዚያ ሳምንት አርባ ጋብቻ ተፈጸመ። አንዱ የኔ ነበር። አትጠገብን ያገባሁት በገዛ ሥዕሌ ፊት ነው፤ ስምል መዳፌ ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። እሳት ቤቱም በየዓመቱ ፈቃዱን ሲያሳድስ፣ አለቆቹ ተሰልፈው መዳፋቸውን ወደ ሸራው ዘርግተው «ሰው ሳንጎዳ እናነዳለን፤ ተራራው እያየን ነው» ይላሉ።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ጊዜ ሕዝቡ የደን ነገር አሳስቦታል ተባለና አቶ ውብአንተ ዛፍ እንድተክል አዘዙኝ። በሦስት ቀን አራት ሺህ ዛፍ ተከልኩ። ብሩሼ ላይ አረንጓዴ ስለተረፈ ከሰዓት በኋላ ስምንት መቶ ጨመርኩ። ቁጥሩ በአዋጅ ተነገረ፤ ሰውም አጨበጨበ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭሱ የእያንዳንዳችን ጥፋት መሆኑ ታወቀ። ለየቤቱ አንዳንድ መቃ ታደለ፤ ወጥ ቤታችን ጭስ መውጫ ላይ ሰክተን ምን ያህል እንደምናጨስ እንድንለካ። እሑድ እሑድ የብዙ ጭስ ባለቤቶች ስም በሜዳው ላይ ይነበባል። ጎረቤታችን ሽሮ ስታንተከትክ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ተነበበችና፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በሶ ብቻ እየበጠበጠ ጠጣ። ብዙዎቻችን ቀዝቃዛ መብላት ለመድን፤ ሲያስለን እናፍራለን። የእሳት ቤቱ ጭስ ማውጫ ግን መቃው ስለጠበበው ሳይለካ ቀረ።

የእህቴ ልብ ብቻ አላረፈም። ነጭ አጥባ ታሰጣለች፤ ስታነሳው ግራጫ ነው። መልሳ ታጥባለች፤ መልሶ ግራጫ ነው። ሸራው በተወጠረ ሰሞን መልሳ ማጠቡን ትታ ማስቀመጥ ጀመረች። በየቀኑ አንድ ነጭ ጨርቅ ጠዋት ታሰጣለች፣ ሲመሽ ታነሳለች፣ ሳታጥብ አጥፋ ታኖራለች። ሌሎቹ አጣቢ ሴቶችም አብረዋት ያዙ፤ አሥራ አንድ ሆኑ። አንድ የገበያ ቀን የሰባቱን ዓመት ጨርቅ አውጥተው ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር በመንገዱ ግራና ቀኝ በተራ ሰቀሉት። ጽሑፍ የለበትም፤ የጮኸ ሰውም የለም። ሰው ከነጩ ተነስቶ፣ በግራጫው አልፎ፣ ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እኔም ሄድኩበት። ጥቁሩ ጋ ስደርስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ሰማያዊ ነበራ።

በሳምንቱ አቶ ውብአንተ ለከተማው ሁሉ ግራጫ ልብስ አደሉ። የተሸመነበት ክር ጥሩ ነበር። ጥላሸት እንደማይታይበትም በአዋጅ ተነገረ።

ይህን ጊዜ እህቴ ከአልጋ ላይ መነሳት ከብዷታል። ሳሏ ደረቷ ውስጥ የተዘጋ በር የሚያንኳኳ ሰው ያለ ያስመስል ነበር። ሴቶቹ እሳት ቤቱን ከሰሱ፤ ተራራው እስኪታይ እሳቱ ይጥፋ ነው የሚሉት። ዋና ምስክራቸው እሷ ናት፤ ጨርቁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቀመጠች ሌላ የለችም። ዳኛው ክሱን ተቀብለው አርባ ቀን ሰጡ። በአርባ ቀን ውስጥ ምሎ የሚመሰክር ካልቀረበ ክሱ ይዘጋል፤ የተዘጋ ክስ ደግሞ አይከፈትም። ምስክሯ ሜዳው ድረስ በቃሬዛ መጣች፤ ሸራውን ቀና ብላ አየችና መዳፏን ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰች። አልማለችም። እውነተኛውን ተራራ ስጡኝና እምላለሁ አለች። እውነተኛው ተራራ በጭሱ ምክንያት አይታይም ተባለች። እኔም የመጣሁት በዚሁ በጭሱ ምክንያት ነው አለች። ዳኛው ይህ ሁሉ ትክክል መሆኑን መዝግበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሠላሳ አንደኛው ቀን ላይ አቶ ውብአንተ ማር ይዘው እህቴን ጠየቋት፤ ሲወጡ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች፤ ይማሉና ልባቸው ይረፍ። አዲስ ሰማያዊም መጥቷል፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ» አሉኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ገባሁ። ሳፋዋ አልጋዋ አጠገብ ደርቆ ተደፍቷል።

«እትዬ» አልኩ፣ «መዳፍሽን ዘርግተሽ አንድ ቃል ብቻ በይ። ሸራውን የሣልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ያንተ ስለሆነማ ነው የማልምልበት። ለጨርቅ አልምልም፣ ቢያድጌ። ጨርቅ አጥቤ ነው ያሳደግሁህ። ጨርቅ ምን እንደሚሸከም አውቃለሁ።»

«ቀኑ ካለፈ ይዘጋል።»

«እኔም አልፋለሁ። ስንት ቀን ቀረው?»

«ዘጠኝ።»

«ተራራው በእግር ስንት ቀን ነው?»

«በየት በኩል እትዬ? አይታይም እኮ።»

«አለመታየቱንማ እያየሁ ነው» አለች፤ ሳል አቋረጣትና ጠበቅኋት። «አይታይም እንጂ አልሄደም። የት ይሄዳል ብለህ ነው? ዓይነ ስውር ልጁን በምን ያውቀዋል?»

ዳኛ እንግዳወርቅ ተራራው ድረስ ሄዶ የመማሉ ሐሳብ ሲነገራቸው ሌሊቱን ሕግ ሲያገላብጡ አደሩ፤ ሰው ከተራራው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ከቆመ ጭስም ቢሆን ሊጋርደው አይችልም ብለው ፈቀዱ። ችሎቱ እንዲሄድ ታዘዘ። አጣቢዎቹ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ሁሉ ቀጣጥለው አንድ ረጅም ገመድ አደረጉት፤ እሱን ይዘን ወደ ምሥራቅ ወጣን። ከፊት ቃሬዛው፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ዳኛው ከነወንበራቸው፣ ከዚያ እኔና አትጠገብ፣ ከኋላችን የከተማው ሰው። ከሁሉ ኋላ አቶ ውብአንተ «የተራራ ወዳጆች» የሚል ትንንሽ ባንዲራ እያደሉ ይከተሉናል። ባንዲራው አይታይም፤ ሲውለበለብ ግን ይሰማል።

ሦስት ቀን ተጓዝን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኛም እንዲሁ። በሬ ሳናይ የበሬ ቃጭል ሰማን። ከአንድ ቤት አጠገብ ስናልፍ ሴትዮዋ ማን እንደሆንን ሳትጠይቅ ውሃ በቅል ከጭሱ ውስጥ አቀበለችን፤ እጇን ብቻ ነው ያየነው፤ አምባር አድርጋለች። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ መሐል በልጅነታቸው ከተራራው ሥር ያዩትን ጅረት ሲያወሩ፣ ሌላው ከፊት ሆኖ ዓሣ ነበረው ይላል፣ ሦስተኛው ከኋላ አልነበረውም ይላል፤ ማን ማን እንደሆነ ሳይተያዩ ለግማሽ ቀን ተከራከሩ። አንዳንዴ የምሄደው እኔ ሳልሆን መሬቱ ከእግሬ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ገመዱ ሲላላ እህቴ ቆማለች ማለት ነው፤ ሳሏ እስኪያልፍ ሁላችንም እንቆማለን። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ለአንድ ሰው ትንፋሽ ሲጠብቅ አላየሁም፤ ያን ጊዜም አላየሁም፣ በገመዱ ነው ያወቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ከፊት «ድንጋይ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቃሬዛውን አስጠጉት። እህቴ እጇን አወጣች፤ ዓለቱን በጣቶቿ ስትፈልግ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ዳኛው ወንበራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ተራራው እያየኝ ነው የምናገረው» አለች። «ነጭ አጥቤ አሰጣለሁ፤ ግራጫ ሆኖ አነሳለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው። ደረቴም ያው ጨርቅ ነው፤ እሱን ግን አውጥቼ ማጠብ አልቻልኩም። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

አቶ ውብአንተ በትሕትና ወደ ፊት መጡ። «ክቡር ዳኛ፣ እኚህ እናት የተናገሩት ልብ ይነካል። ግን ይህ ተራራው ለመሆኑ በምን ይታወቃል? ድንጋይ በየቦታው አለ።»

ዳኛው አሰቡ። «እውነት ነው። ምስክሯ ደግሞ ለራሷ መሐላ ልትመሰክር አትችልም። ተራራውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ማን ነው?»

 ገመዱ ተራ በተራ ወደ እኔ ሲላላ ተሰማኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሯል ማለት ነው።

ወደ ዓለቱ ተጠጋሁ። ጥቁር ነው፤ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎበታል፤ ተሰነጣጥቋል። አቶ ውብአንተ በጆሮዬ «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ይህ የእርስዎን ተራራ ይመስላል? ሰማያዊ ነው?» አሉኝ። ሰማያዊ አልነበረም። ይህ ተራራው ነው ካልኩ ሰባት ዓመት ሐሰት መሣሌ ነው። አይደለም ካልኩ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ለመፈለግ እህቴ ትንፋሽ አልነበራትም።  እሷ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እጇን ብቻ ከዓለቱ ላይ አነሳች፣ ከሥሩ ያለውን እንዳየው።

ጎድጓዳ ነበር። የመዳፍ ቅርጽ ያለው፣ ለስላሳ፣ ከተማው ወደ ሜዳ ሳይወርድ በፊት የኖሩ ሰዎች እጃቸውን እያሳረፉ ሲምሉ የሸረሸሩት ጎድጓዳ። እናታችን አንድ ጊዜ ሁለታችንንም ወስዳ እጃችንን አስገብታበታለች። ያኔ ለኔ ሰፍቶኝ ነበር። ከከተማ ስለማይታይ በሥዕሌ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ረስቼውም ነበር። መዳፌን ከተትኩበት። ልክ ሆነኝ። እንባዬ መጣ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

«ይመስላል ወይ?» አሉኝ ዳኛው።

«አይመስልም» አልኩ። «የኔው ነው እሱን የማይመስለው። ተራራው ይኼ ነው። እኔ የሰቀልኩላችሁ ጨርቅ ነው። ተራራው እያየኝ ነው።»

እጄን ሳነሳ ጎድጓዳው ውስጥ ሰማያዊ ቀረ።

ዳኛ እንግዳወርቅ ጽፈው ጨረሱና ብዕራቸውን አስቀመጡ። በጨርቅ ፊት የተማለ መሐላ እንዳልተማለ ይቆጠራል አሉ። ስለዚህ የሰባት ዓመት ጋብቻ ሁሉ ፈርሷል። እሳቸው የተሾሙት ተራራው በሚታይበት ዘመን ስለሆነ ዳኝነታቸው ይጸናል፤ ሁለተኛ ጋብቻቸው ግን ፈርሷል። የእሳት ቤቱም ፈቃድ በጨርቅ ፊት የታደሰ ስለሆነ የለም፤ እሳት ቤቱ ተራራውን ከመሐላ ሜዳ እያየ እስኪምል ድረስ ማንደድ አይችልም። እያነደደ ደግሞ ተራራውን ሊያይ አይችልም። ይህም ትክክል መሆኑን መዘገቡ።

ስንመለስ አትጠገብ ከገመዱ ላይ እጇን ከእጄ ራቅ አድርጋ ያዘች። ሰባት ዓመት አብሮኝ የኖረው ድምፅ «እንግዲህ እኔና እርስዎ ባዕድ ሆነናል» አለኝ። «ተራራው ከታየ ይምጡና እናያለን። ካልታየ የእግዜር ሰላምታ ይበቃናል።» ከተማ ስንደርስ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። በመንገድ ስንገናኝ «እንደምን ዋሉ» ትለኛለች፤ እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ እነሳለሁ።

እሳቱ ጠፋ። በማግሥቱ አቶ ውብአንተ፣ እሳት ቤቱ ለሕዝብ ካለው ፍቅር የተነሳ በገዛ ፈቃዱ ዕረፍት መውሰዱን አወጁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ብርሃን የለመደው ሰው ግን አኮረፈኝ፤ ሱቄ በር ላይ በከሰል «ጨርቅ» ብለው ጻፉበት። እጃቸው ጥሩ አልነበረም፤ ፊደሉን አስተካከልኩላቸው።

እሳቱ በጠፋ በዘጠነኛው ቀን ማለዳ እህቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ትንፋሿ አጭር ሆኖ አድሯል። አንድ ነገር ግድግዳው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጥላዬ ነው። ሰባት ዓመት የፀሐይ ጥላ አልነበረኝም። በሩን ከፈትኩ። እዚያ ነበር። ጎባጣ ነው፤ ናዳው በጎኑ ወርዷል፤ ፏፏቴ የለውም። ከማስታውሰው አንሶብኛል። ሜዳው ላይ ሰዎች ቆመው ያዩታል፤ አንድ ሰው «ሸራው ይሻል ነበር» ሲል ሰማሁ።

«እትዬ፣ ወጥቷል» አልኳት። «ጫፉ ላይ ትንሽ ደመና አለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ…»

«አትሣለው» አለች። «አልጋዬን አዙረው።»

አልጋውን አዞርኩት፤ ትራሷን ከፍ አደረግሁላት። ትክ ብላ አየችው። ሳሏም ጠበቃት።

«ያንተው ያምር ነበር» አለችኝ በመጨረሻ፣ እጄን ፈልጋ ይዛ። «ይኼ ግን ያየኛል።»